ዕድሜን ማን ይናገር፤ አንጓ ወይስ መንጋጋ?

የልደት ወረቀት የሌለው ወጣት ዕድሜው ሲያጠራጥር፣ ብዙ ጊዜ ራጅ የሚነሳው የእጅ አንጓው ወይም የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ ነው።

አንጓው ላይ የሚፈለገው በአጥንቱ ጫፍ ያለች ቀጭን ጥቁር መስመር ናት። ልጁ ሲያድግ ትጠባለች፤ ስትዘጋ የአጥንቱ እድገት አበቃ። ችግሩ ማነጻጸሪያው ላይ ነው። በሰፊው የሚሠራበት አትላስ፣ ማለትም በየዕድሜው የተደረደሩ የእጅ ራጆች መጽሐፍ፣ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ በምቾት ካደጉ ነጭ ልጆች ራጅ ነው። ረሃብና ሕመም ደግሞ አጥንትን ያዘገያሉ። ታዲያ እየተራበ ያደገን ልጅ በእነሱ መለካት ፍትሕ ነው?

እኔ ለጥርሱ አደላለሁ። ረሃብ የአጥንትን ያህል አያዘገየውም። ግን ዕድሜ የሚገመትበት የጥርሱ ሥር ጫፍ የሚዘጋበት ጊዜ ከሰው ሰው በዓመታት ይለያያል። ጭራሽ ያላበቀለም አለ። ስለዚህ 18 ሞላው አልሞላው የሚለውን ጥርስ ብቻውን አይቆርጠውም።