ከመሸጧ በፊት የምትጠይቅ ፋርማሲስት አለችን፦ ለደሴና ለአካባቢው ሰዎች ምስጋናና ጥቆማ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የከተማችን ሰዎች። ደሴ ላይ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ፋርማሲስት አለች። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም ድካሙ ከምን እንደመጣ ያልታወቀለት ሰው ሁሉ እንዲያውቃት እፈልጋለሁ። ስሜን አትጻፊ ብላ አጥብቃ ስለለመነችኝ እዚህ አልጠቅሰውም። ቦታውን ለሚጠይቀኝ ግን በውስጥ መስመር እናገራለሁ፤ ይህን ፈቅዳልኛለች።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ብውል የማይደክመኝ ሰው ነበርኩ። ከዚያ ቀስ እያለ አንድ ነገር መጣ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ወንበር እፈልጋለሁ። ድምፄ ጎርነን አለ፣ ተማሪዎቼም «ቲቸር፣ ጉንፋን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ የወር አበባዬ ከልክ በላይ ይበዛል፣ የምበላው ሳይጨምር ኪሎዬ ይጨምራል። ብርዱን ማንም ልብ አላለውም፤ ደሴ ላይ «በረደኝ» ማለት ወሬ አይደለማ! ነገሩ የታወቀኝ ኮምቦልቻ ለሠርግ ወርደን ነው። ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ በወረቀት ያራግባል፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ እግሬ እንደ በረዶ ሆኗል።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የታከምኩት ሌላ ሌላውን ነበር። አገራችን ውስጥ «ደከመኝ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚባለው ይታወቃል፤ ታይፎይድ ነው። ሲቀጥል ጨጓራ፣ ሲቀጥል የደም ማነስ፣ ሁሉም አልሆን ሲል ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት አድርጊ»። የደም ማነሱስ እውነት ነበር። ግን ደሜን የሚያፈሰውን ነገር ማንም ስላልጠየቀ ክኒኑን እጨርሳለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ተመልሼ እዚያው ነኝ።

አንድ ቀን ያንኑ የደም ማነስ ክኒን ልገዛ ወደዚህች ልጅ መድኃኒት ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ከኋላዋ ነው፣ እጇን ብትዘረጋ ታገኘዋለች። አልዘረጋችም። «ቲቸር፣ ይህን መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ጥያቄዋ ቀጠለ፤ ሆድዎ ይደርቃል ወይ? ከሌላው ሰው ይበልጥ ይበርድዎታል ወይ? ድምፅዎ ድሮም እንዲህ ነው? በቤተሰብ እንቅርት ያለበት ሰው አለ? ፊቴን በደንብ እንድታይ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ይበሉ አለችኝ፤ ለካ የቅንድቤ ጫፍና ጫፍ ሳስቷል፣ የዓይኔ ቆብ አብጧል፣ በየቀኑ መስታወት ፊት እየቆምኩ እኔ አላየሁትም። የእጄን የደም ሥር ይዛ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የበሽታ ስም አልሰጥም» አለች። «ግን ይህን ክኒን ዛሬ ከምሸጥልዎ አንድ ምርመራ ቢያሠሩ እመርጣለሁ።» በቁራጭ ወረቀት ላይ «ቲኤስኤች» ብላ ጻፈችና ለሐኪም እንዳሳይ ሰጠችኝ። ያን ቀን ከእኔ አንድ ብር አላገኘችም።

ሐኪሙ አዘዘልኝ፣ ውጤቱ መጣ። በአብዛኛው ላቦራቶሪ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ መሆን የሚገባው ቁጥር የእኔ ከ60 በላይ ነው። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከም አንጎል ሥር ያለች ሌላ ትንሽ ዕጢ «ሥራ!» እያለች ትጮህበታለች፤ ቲኤስኤች ማለት ያ ጩኸት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዕጢው ሰንፏል፣ በጣም ከወረደ ደግሞ ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። የእኔ ዓይነቱን ሀሺሞቶ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በጻፈበት ጃፓናዊ ሐኪም ስም ነው የሚጠራው። የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አንገቴ ላይ ምንም እብጠት አልነበረም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምጽፈው ታይሮይድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንቅርትን ብቻ ስለሆነ ነው። እንቅርት ሳይታይ ዕጢው ሊታመም ይችላል፤ እንቅርት ኖሮም ሆርሞኑ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ዕጢው ያጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን ተጀመረልኝ። እስከዚህ ድረስ ሌላም ሰው ይረዳኝ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

መድኃኒቱን እየወሰድኩ ቁጥሩ እንደሚጠበቀው አልወርድ አለ። ዶዙ ይጨመር የሚል ሐሳብ መጣ። ክኒኔን ልገዛ ስሄድ ለፋርማሲስቷ ነገርኳት። ቦርሳዎ ውስጥ ያለውን ክኒን ሁሉ ያውጡልኝ አለች። የታይሮይዱንና የደም ማነሱን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ። «በስንት ሰዓት ነው የሚወስዷቸው?» ጠዋት፣ አንድ ላይ። «በምን ያወርዱታል?» በቡና። ሁለቱን ፓኮ በሁለት እጇ ይዛ አንዱን መስታወቱ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ገፋችው። «እነዚህ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም» አለች። «በመካከላቸው አራት ሰዓት።» የደም ማነሱ ክኒን አይረን ነው፤ አይረን ደግሞ ሌቮታይሮክሲኑን ሆድ ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ካልሲየምም፣ የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕም እንደዚያው። ቡናም ያሳንሰዋል። ወረቀቱ ላይ «በቀን አንድ» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ በምን፣ መቼ፣ ከምን ተለይቶ የሚል የለበትም።

ወሎዬ ሆኖ ጠዋት ቡና መተው ቀልድ አይደለም። እሷም ተዉ አላለችኝም። እንደነቁ ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጡ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆዩ፣ ከዚያ ቁርስዎንም አቦሉንም ቶናውንም ይጠጡ አለችኝ። አሁን ክኒኑን ለፈጅር ስነሳ እውጣለሁ፣ ሰግጄ፣ ልጆቹን ቀስቅሼ፣ ቡናው እስኪፈላ ሰዓቱ ይሞላል። አይረኑ ወደ ከሰዓት በኋላ ሄደ። ሐኪሙም ዶዙን ሳይጨምር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ እንዲለካ ተስማማ፤ የመድኃኒቱ ለውጥ ደም ላይ በትክክል እስኪታይ ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋልና። ቁጥሩ ወረደ። አልሐምዱሊላህ፣ ድምፄ ተመለሰ፣ አሁን ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ቆሜ አስተምራለሁ።

ረመዳን ሲቃረብ የጠየቀችኝ እሷ ናት፣ እኔ ገና አላሰብኩትም ነበር። ከኢፍጣር በኋላ የመጨረሻ ምግቤን በልቼ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆይቼ ከመተኛቴ በፊት፣ አለዚያም ለሱሑር ቀደም ብዬ ተነስቼ ከመብላቴ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት መዋጥ እንደምችል አስረዳችኝ፤ ከሐኪምዎ ጋርም ይነጋገሩበት አለችኝ። ጾሜን ሳልፈታ ክኒኔንም ሳልዘል ወሩን ጨረስኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ ክርስቲያን ደንበኞቿም እንደዚሁ ሰዓት ስታስተካክል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጎረቤቴን የላክሁባት ከዚያ በኋላ ነው። የእሷ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዕጢዋ ከልክ በላይ ይሠራል። እየበላች ትከሳለች፣ ልቧ ይመታል፣ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል፣ በደሴ ብርድ ላብ ያጠምቃታል፣ ዓይኗ ወጣ ወጣ አለ። አንዱ ቲቢ ነው ይላል፣ አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ የማይባል ነገር የሚያወራም አልጠፋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው፤ በሽታው ሳያንሳት ሐሜቱ ከቤት አስቀራት። ምርመራ ተደርጎላት የዕጢውን ሥራ የሚቀንስ ፒቲዩ የሚባል መድኃኒት እና የልብ ምቱን የሚያረጋጋ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘላት። ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ስትሰጣት የተናገረችውን አብሬ ሆኜ ሰምቻለሁ፦ «ትኩሳት ወይ የጉሮሮ ሕመም ከመጣብዎ ጉንፋን ነው ብለው እንዳይቀመጡ። መድኃኒቱን አቁመው ያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ሄደው የነጭ ደም ሴልዎን ያስለኩ።» ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ በጥቂት ሰዎች ላይ የነጭ ደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳል። ኋላ ጎረቤቴ ጉሮሮዋን ሲያማት ልጇን አንቲባዮቲክ ግዛ ብላ ላከችው። ፋርማሲስቷ አልሸጠችለትም፤ እናትህን ይዘህ ሆስፒታል ሂድ አለችው። ተመረመረች፣ ደሟ ደህና ነበር፣ ተራ ጉንፋን ነው። እኔ ግን አልሸጥም ያለችበትን ያን ቀን መቼም አልረሳውም። አንቲባዮቲኩ ገንዘብ ያስገኝላት ነበር።

አብራኝ የምታስተምር አንዲት ልጅም አለች፤ ስታረግዝ ክኒኑ ጽንሱን ይጎዳል ብላ የታይሮይድ መድኃኒቷን ልታቆም ነበር። ይዣት ሄድኩ። እንዲያውም በእርግዝና ጊዜ ሰውነት የሚፈልገው መጠን እንደሚጨምር፣ ለጽንሱ አእምሮም የእናትየው ሆርሞን እንደሚያስፈልግ ነግራት በዚያው ቀን ሐኪሟን እንድታገኝ አደረገች። እባካችሁ፣ ታይሮይድ ኖሮባችሁ ያረገዛችሁ፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ስለ ጨውም የምላችሁ አለ። የእናቴ አገር ወሎ ደጋ ላይ በልጅነቴ አንገታቸው ያበጠ ሴቶች ብዙ አይቻለሁ። ዋናው ምክንያት ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራበት የአዮዲን እጥረት ነው፤ ደጋው አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ያንሳል፣ ከአፋር የሚመጣውም ጨው በራሱ በቂ አዮዲን የለውም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ የወጣው። ፋርማሲስቷ ጨው አትሸጥም፣ ግን ነፍሰ ጡር በገባች ቁጥር ስለ ጨው ታነሳለች፦ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከምድጃው እንፋሎት አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ላይ መጨረሻ አካባቢ ጨምሩ፣ አዮዲኑ በሙቀት ይበናልና። እንደ እኔ ሀሺሞቶ ላለበት ግን አዮዲን መጨመር መድኃኒት አይሆንም። በማኅበራዊ ሚዲያ «የታይሮይድ ቫይታሚን» ተብሎ የሚሸጠውን ብልቃጥ አሳይቻት ገንዘብዎን አያባክኑ ብላኛለች፤ ከባሕር አረም የሚሠሩት ጭራሹን ዕጢውን ሊረብሹ ይችላሉ። ፀጉር ለሚሳሳባቸው ደግሞ ይህን አስተላልፉላቸው፦ ለፀጉር የሚሸጠው ባዮቲን የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ያዛባል፣ ከመመርመራችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ምን ታደርጋለች ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ «የለም» ብላ አትሸኝም። ስልኳን አንስታ ሌሎች መድኃኒት ቤቶች ትደውላለች፣ የት እንዳለ ትነግራችኋለች፣ ለተፎካካሪዋ ደንበኛ ትልካለች ማለት ነው። የምትወስዱት ከሌላ ፋብሪካ በመጣ ክኒን ሲቀየር ማይክሮግራሙ አንድ መሆኑን አሳይታ፣ ቲኤስኤቻችሁን እንደገና እንድትለኩ ታሳስባለች። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ የሚልኩላችሁንም ይዛችሁ ብትሄዱ ጊዜ ያለፈበት መሆን አለመሆኑን ታይላችኋለች።

ስትሄዱ ልታውቁት የሚገባ፦ ቤቷ ጠባብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሰልፍ አለ፣ እያንዳንዱን ሰው ስለምትጠይቅ ሰልፉ ቶሎ አይሄድም። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ለሚፈልግ ሰው የእሷ ቤት አይሆንም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ብትሄዱ በደንብ ታናግራችኋለች። የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ውሰዱ፣ የደም ማነሱንም፣ የጨጓራውንም፣ የቫይታሚኑንም፤ የላቦራቶሪ ወረቀታችሁን ደግሞ የድሮውንም አትጣሉ፣ ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የምታየው ከእሱ ነው።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።