ባሌ የምትሄዱ፣ እኚህን አስጎብኚ ሳትይዙ ተራራ እንዳትወጡ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከጉዞው በተመለስን ማግስት ነበር። ሂሳብ ማወራረድ፣ የአበል ፊርማ፣ የነዳጅ ደረሰኝ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ቢሮዬ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጋቢ ግን ባየሁት ቁጥር ይወቅሰኛል። የጋቢውን ነገር እመጣበታለሁ።

እኔ የባዮሎጂ ሰው አይደለሁም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ተማሪዎች ለመስክ ትምህርት ሲወጡ ገንዘብ ይዤ አብሬ እወጣለሁ። አበል እከፍላለሁ፣ ደረሰኝ እሰበስባለሁ፣ ልጆቹን ቆጥሬ ወስጄ ቆጥሬ እመልሳለሁ። አውሬ አልወድም። ድመት እንኳ እግሬ ስር ስትመጣ ብድግ እላለሁ። እኔን ቁጭ አድርገው ስለ ቀይ ቀበሮ ያስጻፉኝ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ እንግዲህ ገምቱ።

መጀመሪያ ግን ምሬቴን ላውጣው፤ ካላወጣሁት ምስጋናው አይገባችሁም።

ከዚህ በፊት የሄድንበትን ቦታ አልጠራም። የያዝነውንም አስጎብኚ አልጠራም። ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ ተቀበለን። ጠዋት 12 ሰዓት እንገናኝ ብሎ 4 ሰዓት ላይ መጣ፤ ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ባሱ ውስጥ ገባና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ስልኩን ማውራት ጀመረ። ልጆቹ አንድ ነገር ሲጠይቁት «ዛሬ ሙቀት ስለሆነ አውሬ አይወጣም» ይላል። በመጨረሻ መንገድ ዳር ዝንጀሮዎች አየንና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከተማሪዎቹ ምሳ ላይ ዳቦ ወስዶ ወረወረላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። አንዱ ትልቅ ዝንጀሮ በመስኮት እጁን ሰዶ የአንዷን ልጅ ቦርሳ ነጠቀ፤ ክንዷን ቧጭሯት ለመርፌ ጤና ጣቢያ ስንሯሯጥ ዋልን። ተማሪዎቹ ተመልሰው ሪፖርት ሲጽፉ ሃያ ስምንቱም ስለ ዝንጀሮ ጻፉ። ሌላ ምን አይተው?

ሰውዬው ደረሰኝ አልሰጠንም። «እልክልሻለሁ» አለኝ። እስካሁን እየላከልኝ ነው። ገንዘቡ ከደመወዜ በአራት ወር ተቆረጠ። ይህን የሚያነብ የሂሳብ ሰው ካለ ምን እንደተሰማኝ ያውቃል።

ስለዚህ ባለፈው ጥር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ስንዘጋጅ «እኔ አልሄድም» ብዬ ነበር። ተለምኜ ነው የሄድኩት።

ዲንሾ ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወገቤ አልቋል። የፓርኩ ጽህፈት ቤት በር ላይ አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ፣ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ቀጭን ሰው ቆመው ይጠብቁናል፤ አስጎብኚያችን ናቸው። ከቀጠሯችን ሁለት ሰዓት ዘግይተን የደረስነው እኛ ነን። አልተቆጡም። ልጆቹ ከባስ ሲወርዱ ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን ነበር የሚያዩት። ጫማ! ሸራ ጫማ ያደረጉትን ለብቻ አቆሟቸው። ቀጥለው «ከቆላ አገር የመጣ ማን አለ?» አሉ። ሦስት ልጆች እጃቸውን አወጡ። የሦስቱንም ስም ጠይቀው በቃላቸው ያዙ። እኔ በሆዴ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ምርመራ ነው» አልኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ነው የገባኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። የደጋ አጋዘን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ካደርንበት ቤት ኋላ ሳር ሲግጡ አገኘናቸው። ወንዱ ቀንዱ ጠመዝማዛ፣ ቁመቱ በሬ የሚያክል ነው። መምህራችን ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም እንደማይገኝ፣ ሳይንስ ስም ያወጣለትም በ1910 እ.ኤ.አ. እንደሆነ አስረዱ። ጋሼ (አስጎብኚያችንን ልጆቹ እንዲህ ነው የሚጠሯቸው፤ እኔም ለመድኩ) ጉሮሯቸውን ጠርገው «የእኛ አያቶች ገብሳቸውን ሲበላ ቀድመው ያውቁታል» አሉ። መምህሩም ሳቁ። በዚያው ቀን ከርከሮ አየን፣ የምኒልክ ድኩላ አየን። የአንድ ቀኑ ብቻ ያለፈውን ጉዞ መቶ እጥፍ ካሰኝ።

በሦስተኛው ቀን በጎባ አድርገን ሳነቴ ወጣን። ሳነቴን ላላያችሁ እንዴት ልንገራችሁ? ከባህር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዛፍ የለም። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ እንኳ ጥላ ያለበት ቦታ ውርጩ አልቀለጠም። ጋሼ ልጆቹን ሁሉ «ሱታ፣ ሱታ» እያሉ ነው የሚያስኬዷቸው፤ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። የሚሮጥ ካለ ይቆጣሉ።

አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሱ፤ ሁላችንም ቆምን። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ መሬት ላይ ቆማለች። «ወፏን ተዉአት፣ አጠገቧ ያለውን ቀዳዳ እዩ» አሉ። ትንሽ ቆይቶ ከቀዳዳው አንድ ትልቅ ጭንቅላት ብቅ አለ። ፍልፈል ነው፣ ግን የእኛ ቤት ጓሮ የሚቆፍረው ዓይነት አይደለም። ትልቅ፣ ጥርሱ የወጣ፣ ዓይኖቹ ከአናቱ ላይ የተተከሉ። ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሳር ግጭ ግጭ አድርጎ በአፉ ይሞላና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይገባል። ወፏ እሱ ከሚቆፍረው አፈር ትል ትለቅማለች። ይህ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም አሉን። እኔ በበኩሌ የትም ባይኖር ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ግን እንደ ሙሽራ ፎቶ ሲያነሱት ነበር።

ፍልፈል ካለ ቀይ ቀበሮ አይጠፋም። ጋሼ አጎንብሰው እየሄዱ፣ እየቆሙ፣ ነፋሱን እያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፉ። በመጨረሻ ከጅብራዎቹ መሃል አንድ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ አሳዩን። እንደ እሳት የቀላ ጀርባ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ረጅም ቅልጥም። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት። ልጆቹ ለዚህች ደቂቃ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት። ወደ እኛ እየመጣ ነው። ሁሉም ትንፋሹን ይዟል።

ልክ በዚህ ጊዜ ጋሼ ለቀበሮው ጀርባቸውን ሰጡ።

ከኋላ ቀርታ የነበረች አንዲት ተማሪ ነበረች፣ ከጋምቤላ የመጣች። ከሦስቱ የቆላ ልጆች አንዷ። የጫማዋን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ብላ ጣቶቿ እምቢ ብለዋታል፤ ማሰሪያውን ትይዘዋለች፣ ይወድቃል፣ ትይዘዋለች፣ ይወድቃል። እኔ ብርድ ነው ብዬ አልፌያታለሁ። እውነቱን ልናገር፣ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። እሳቸው ሃምሳ እርምጃ ርቀው አዩአት።

መጡና «ልጄ፣ እስቲ እግርሽን በእግርሽ ፊት እያደረግሽ ወደ እኔ ነይ» አሏት። ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደ ጎን ተንገዳገደች። ለምን እንዳራመዷት፣ ምን እንዳወቁ እኔ ያኔ አልገባኝም፤ ለካ ከፍታው ጭንቅላት ላይ ሲደርስ ሚዛን ያስታል። ለመምህሩ ስለ ከፍታ፣ ስለ ጭንቅላት የሆነ ነገር ነገሯቸው። እኔ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ወደ ታች፣ አሁኑኑ።»

ከተማሪዎቹ ያጉረመረሙ ነበሩ። ቀበሮው እኮ እዚያ ነው! አንዱ «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለ። ቱሉ ዲምቱ የተባለውን 4,377 ሜትር ተራራ ልንወጣም አቅደን ነበር። ጋሼ ድምጻቸውን ሳያነሱ «ቀበሮው ነገም አለ» አሉ። ትከሻቸው ላይ የነበረውን ጋቢ አውልቀው ልጅቷን ጠቀለሏት። እስከ ባሱ ድረስ ደግፈው የወሰዷትም እሳቸው ናቸው። በስስ ሹራብ ብቻ፣ በዚያ ብርድ።

ወደ ሪራ መንደር ወረድን። መንገዱ ሁሉ ጠመዝማዛ ነው፤ የአስታውን ዛፍ አልፈን፣ ቀርከሃው ጋ ስንደርስ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ «ውሃ ጠማኝ» አለች። እኔ አለቀስኩ። አላፍርበትም። የእሷ እድሜ ልጅ አለችኝ። ሪራ ላይ አንዲት እናት ቤታቸው አስገብተው እሳት አጠገብ አስቀመጧት፤ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጧት። የጤና ባለሙያም መጥቶ አያት። ማታውን ሽሮ በልታ ስትስቅ ነበር። ጋሼ ግን ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስተው በር አንኳኩተው «እንዴት ናት?» ብለው ጠይቀውኛል። ለዚህ የሚከፈል አበል የለም። ደንቡን አውቀዋለሁና ነው የምናገረው።

ሐረና ጫካ የቆየንባቸውን ሁለት ቀናት ብተርክ አይበቃኝም። በቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣን አየን፤ ኑሮውም ምግቡም ቀርከሃው ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ፀጉሩ እንደ ነጠላ ይንሳፈፋል። ዛፍ ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች የመጣ ማር በላን፣ ከጫካው የተለቀመ ቡና ጠጣን። ከሁሉ ከሁሉ ግን የእስስቷ ነገር።

ከእራት በኋላ ጋሼ ባትሪ ይዘው አስከተሉን። ቀን ሦስት ጊዜ ያለፍንበት ቁጥቋጦ ነው። ባትሪውን ቀስ አድርገው ቅጠሉ ላይ ሲያበሩ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሆነ የገረጣ ነገር ታየ። እስስት ተኝታ! እስስት ስትተኛ ቀለሟ ስለሚገረጣ በባትሪ ከቀን ይልቅ ማታ እንደምትገኝ ያኔ ነው ያወቅነው። ጅራቷን እንደ ሰዓት ሞላ ጠቅልላለች፣ አፍንጫዋ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀንዶች አሏት። ይህቺም የባሌ ብቻ ናት። አንድ ልጅ ሊነካት እጁን ሲዘረጋ ጋሼ እጁን ይዘው «ሰው ተኝቶ ትነካለህ?» አሉት። እናቴ እስስት ስናይ «አፋችሁን ዝጉ፣ ጥርሳችሁን ታረግፈዋለች» ትለን ነበር። ሳላስበው አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ፣ በዚህ እድሜዬ።

ለመመለስ ሳነቴን እንደገና ማቋረጥ ግድ ነው። የጤና ባለሙያው ልጅቷን አይቶ «ሳትቆሙ እለፉ» አለ። ጋሼ ከአጠገቧ ተቀመጡ፤ እያወሯት፣ እያሳቋት። ቀይ ቀበሮን በኦሮምኛ የፈረስ ቀበሮ እንደሚሉት፣ ምክንያቱም ለመውለድ የቀረበች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ እንደሆነ እየነገሯት ነበር። በድንገት ወደ ሾፌሩ ዞረው «ሞተር አጥፋ» አሉ።

ከመንገዱ ሃያ ሜትር አይርቅም። ቀበሮው አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ አንድ ቀዳዳ ላይ አፍጥጧል። በልጅቷ መስኮት በኩል ነው። ሌሎቹ ሊጋፉ ሲነሱ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው አገዷቸው። «ይሄ የእሷ ነው። እናንተ አይታችኋል።» ሁሉም ተቀመጠ። ቀበሮው አንድ እግሩን አንስቶ ቆየ። ቆየ። ከዚያ ወደ ላይ ዘለለ፣ አፈር ተበተነ፣ ሳተው! ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ እንዳፈረ ሰው ወዲያ ወዲህ አይቶ ሄደ። ልጅቷ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ስትስቅ ትንፋሿ መስኮቱን አጨለመው። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው «በቃ፣ ንዳ» አሉ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ስማቸውን ልጽፍ ፈልጌ «ኢንተርኔት ላይ አታውጪኝ እህቴ» ብለው ለመኑኝ። ስለዚህ ዲንሾ ስትደርሱ የፓርኩ በር ላይ አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርጉትን ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ «አስጎበኛለሁ» የሚለው በዝቷል አሉ። ከመንገድ ላይ አትያዙ። ተማሪ የምትወስዱ መምህራን፣ እባካችሁ እሳቸውን ያዙ። ልጆቻችሁን የምትወስዱ ወላጆች፣ እሳቸውን ያዙ። ከውጭ ለእረፍት የምትመጡም እንደዚሁ። ደግሞ የሂሳብ ሰዎች ስሙኝ፤ ማህተም ያለበት ደረሰኝ፣ ሳልጠይቃቸው፣ በእጄ ሰጥተውኛል። ይህን ጉዞ በአንድ ቀን ነው ያወራረድኩት።

አሁን ወደ ጋቢው። ልጅቷ ተጠቅልላበት ባስ ውስጥ ተኝታ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ስንወርድ ነው ያየነው። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ «ሌላ አለኝ» አሉ፣ ግን አላመንኳቸውም። አጥቤ፣ አጥፌ ቢሮዬ አስቀምጬዋለሁ። በዚህ ወር ወደ ዲንሾ የሚሄድ ሰው ካለ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የትም ብትሆኑ እኔው አመጣላችኋለሁ።