ጀርመን፣ ኦስትሪያ ወይስ ስዊዘርላንድ፦ ከጅማ ለሚነሣ ባለሙያ የቱ ያዋጣል?

በሥራ ቦታችን የምሳ ሰዓት ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ያርፋል፦ «ጀርመንኛ ከተማርን አይቀር፣ ከሦስቱ አገሮች የትኛው ይሻላል?» ጠያቂዎቹ እንደ እኔ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም መሐንዲሶች ናቸው። መልሱን ያገኘሁት ለደላላ 85 ሺህ ብር ከከፈልኩ በኋላ ስለሆነ፣ በየጊዜው በቃል ከምመልስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ። ምርጫዬ ጀርመን ነው፤ ለዚህ ያበቃኝም የደመወዙ መጠን ሳይሆን የመጀመሪያው ደመወዝ እጅ እስኪገባ ድረስ ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስዊዘርላንድ ብዙ መናገር አያስፈልግም። አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረትና ከአውሮፓ ነፃ ንግድ ማኅበር (ኤፍታ) አባል አገሮች ውጭ ለሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ በዓመት የምትመድበው ፈቃድ 8,500 ነው፤ ቀጣሪውም ለቦታው የሚሆን ሰው ከአገር ውስጥና ከአውሮፓ ፈልጎ ማጣቱን ማስረዳት አለበት። ሰዎች የሚያወሩት የደመወዝ ቁጥር እውነት ነው፤ ነገር ግን የጤና መድን ወርኃዊ ክፍያውን ሠራተኛው ከራሱ ኪስ ይከፍላል፣ በየዓመቱም ቢያንስ የመጀመሪያውን 300 ፍራንክ የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው ራሱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሠርቶ ለማያውቅ የጅማ ነርስ ይህ በር ሊከፈት የሚችለው ጀርመን ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኦስትሪያ ግን በቁም ነገር መታየት አለባት። ከ2011 ጀምሮ የሚሠራበት «ቀይ-ነጭ-ቀይ ካርድ» የነጥብ ሥርዓት አለው፤ የሰው እጥረት ባለባቸው ሙያዎች ከጠቅላላው 90 ውስጥ 55 ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ስትሠራ የነበረች እህቴ የምላት ባልደረባዬ በዚሁ መንገድ ቪየና ገብታለች፤ የምታነሣልኝም የቤት ኪራይን ነገር ነው። ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ማዘጋጃ ቤቱ ባሠራቸው ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ስለሚኖር፣ ኪራዩ ከሌሎች የአውሮፓ ዋና ከተሞች ጋር ሲተያይ ይቀላል። የማዘጋጃ ቤቱን ቤት ለማግኘት ግን በከተማዋ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተመዝግቦ መኖር ስለሚጠየቅ፣ አዲስ ገቢ ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው በግል ኪራይ ነው። ካርዱ ለ24 ወራት የሚሰጠውም በስም ለተጠቀሰ አንድ ቀጣሪ ነው፤ ከቀጣሪው ጋር ያልተስማማ ሰው ሌላ ቦታ ለመቀጠር እንደገና ማመልከት ይኖርበታል። በዚህ ላይ ዜግነት ለማግኘት በመደበኛው መንገድ 10 ዓመት መኖርና የቀድሞውን ዜግነት መተው ግድ ነው።

ወደ ጀርመን ልምጣ። የባለሙያ ፍልሰት ሕጉ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲሆን፣ ለእኛ የሚበጀው ክፍል ግን በመጋቢት 2024 የተጨመረው ነው። በዚህ አሠራር የሥራ ውል የያዘ፣ በአገሩ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና ያጠናቀቀና ጀርመንኛው ኤ2 የሚባለው መሠረታዊ ደረጃ የደረሰ ሰው፣ የሙያ ዕውቅናውን ማለትም አነርኬኑንግ የሚባለውን እዚያው እየሠራ ማሟላት ይችላል፤ ነርስ ከሆነ ዕውቅናው እስኪጠናቀቅ በረዳትነት ይሠራል። ከሰኔ 2024 ወዲህ ደግሞ ያለ ውል ሄዶ እስከ አንድ ዓመት ሥራ መፈለጊያ የሚሆን ቻንሰንካርተ የሚባል ፈቃድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚጓጓው ለእሱ ነው። እኔ አልመክረውም። በ2025 በወር 1,091 ዩሮ፣ ለዓመት 13,092 ዩሮ ማሳየት ይጠየቅ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ይኸው ዩሮ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ይህ ገንዘብ ተቆልፎ የሚቀመጥበትን የባንክ ሒሳብ (ብሎክድ አካውንት) ለመክፈት የቤተሰቡን የቡና መሬት ለማስያዝ ያሰበ ባልደረባ አውቃለሁ። የሥራ ውል ያለው ሰው ደመወዙ መኖሪያውን ስለሚሸፍንለት ያን ገንዘብ ማስቀመጥ አያስፈልገውም። ስለዚህ ውሉን መፈለግ ስድስት ወር ቢፈጅ እንኳ መሬት ከማስያዝ ይረክሳል።

ውል ስል እውነተኛውን ውል ማለቴ ነው። 85 ሺህ ብር የከፈልሁበት ውል የአረጋውያን መጦሪያ ማኅተም ያለበት፣ በወፍራም ወረቀት የታተመ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። አዲስ አበባ የምታስተምረኝ የጀርመንኛ መምህርቴ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ በሳምንት 39 ሰዓት፣ በወር 2,100 ዩሮ የሚለውን አየች፤ ወረቀቱን ገልብጣም በእርሳስ ማባዛት ጀመረች። በሳምንት 39 ሰዓት በወር 169 ሰዓት ይሆናል። በአረጋውያን እንክብካቤ ለተመረቀ ነርስ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 20.50 ዩሮ ስለነበር በወር ከ3,460 ዩሮ በታች ሊሆን አይችልም ነበር። ለረዳት እንኳ በሰዓት 16.10 ስለነበር 2,720 ይደርስ ነበር። «ይህን ውል የጻፈው ሰው ጀርመን አገር ሠራተኛ ቀጥሮ አያውቅም» አለችኝ። ያ በእርሳስ የተሠራ ስሌት አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ፤ ምክር የሚጠይቀኝን ሁሉ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ የተረዳሁት ነገር ከዋጋውም ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት ይበረታባቸዋል ብሎ በዘረዘራቸው 55 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። በጀርመን ደንብ መሠረት ከእነዚህ አገሮች የጤና ባለሙያ መመልመልና ማገናኘት የሚፈቀደው ለፌዴራሉ የሥራ ኤጀንሲ ብቻ ነው። ነርሷ ራሷ ለሆስፒታል ብታመለክት የሚከለክላት የለም፤ ጅማ ውስጥ ቢሮ ተከራይቶ «ለጀርመን ሆስፒታል ነርስ እንመለምላለን» የሚል ደላላ ግን ከመነሻው ፈቃድ ሊኖረው አይችልም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ገንዘቤ አይበላም ነበር።

ሁለተኛው ኪሳራዬ የትርጉም ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንድ የጽሕፈት ቤት በርካሽ ያስተረጎምሁት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1988 ዓ.ም. የሚለውን የወሩን ስም ብቻ ለውጦ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ አስቀምጦታል። ትክክለኛው ግንቦት 5 ቀን 1996 ነበር። በወረቀቱ ላይ በስምንት ዓመት አረጀሁ፤ ከፓስፖርቴም ጋር ተጋጨ። በቻንሰንካርተ ለሚያመለክት ሰው እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ በላይ እስከ 40 አንድ ነጥብ ስለሚሰጥ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ከሚያስፈልጉት ስድስት ነጥቦች አንዱን ሊያስጥል ይችላል። የአባቴ ስምም በፓስፖርቴ በአንድ «ኤስ»፣ በዲግሪዬ በሁለት «ኤስ» ተጽፎ ተገኘ። ከማስተርጎም በፊት ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማስተያየት አንድ ከሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እኔን ግን 350 ኪሎ ሜትሩን የአዲስ አበባ መንገድ ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል።

መሐንዲሶችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነገሩ ይቀላቸዋል፤ የዲግሪ አቻነት መግለጫው 208 ዩሮ ነው፣ ለዲግሪ ባለሙያዎች በሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ በብሉ ካርድ፣ ገብቶ ጀርመንኛውን ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ያደረሰ ሰውም በ21 ወር ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል። ነርሶች ግን የትምህርታችን ሰዓት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ፣ በገጠር ማኅበረሰብ ውስጥ ያሳለፍናቸው የቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ሳምንታት በሰዓት ተሰልተው ከዩኒቨርሲቲው በምታወጡት ደብዳቤ ውስጥ እንዲገቡ ጠይቁ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ በክሬዲት ብቻ ከተቀመጡ የዕውቅና ማመልከቻውን የሚያየው መርማሪ ስንት ሰዓት እንደሆኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለ ዜግነት የሚጠይቁኝም አሉ። ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ አምስት ዓመት ለኖረ ሰው የቀድሞ ዜግነቱን ሳያስጥል ዜግነት ትሰጣለች። የሚያስጥለው የእኛው አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ዓ.ም.) ነው፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል፣ ወደ አገሩ የሚመላለሰውም በቢጫ ካርድ ነው። እኔ እስከዚያ አላሰብሁም።

ለዕውቅናው ማመልከቻ እኔ የከፈልሁት 250 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ደግሞ 75 ዩሮ ነው። መልሱ በቅርቡ ደርሶኛል፤ የሚጎድለኝ የአረጋውያን እንክብካቤና የቤት ለቤት ነርሲንግ ልምምድ መሆኑን ከነሰዓቱ ዘርዝሮ ጽፎልኛል። ወረቀቱን ከሥራ ማመልከቻዬ ጋር አያይዤ ለአራት ሆስፒታሎች በራሴ ልኬያለሁ፤ አንዱ ለቃለ መጠይቅ ቀን ቆርጦልኛል።