«የወር አበባዎ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» ብላ ለጠየቀችኝ ሐኪም

ሰላም የጅማ ሰዎች። እንዲህ ያለ ነገር አደባባይ ላይ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ግን ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ ቁጭ ብለን አንዷ ጎረቤቴ «ሌሊት ላብ እያጠመቀኝ ነው፤ ታይፎይዴ ተነሳብኝ መሰለኝ» ስትል ሰማሁና ዝም ማለት ከበደኝ። እኔም ወራት ሙሉ ታይፎይድ ስታከም ነበር። የሌለብኝን ታይፎይድ። ይህን የምጽፈው እውነተኛውን ምክንያት ያገኘችልኝን ሐኪም ላመሰግን ነው።

47 ዓመቴ ነው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ነገሩ የጀመረው አምና ሚያዝያ ላይ ነው፤ የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ገምቱ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ከሰፈሬ ርቄ መርካቶ ወርጄ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። ፋርማሲ ውስጥ ያለው ልጅ «ለልጅዎ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። እርግዝና የለም። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ በሦስተኛው ወር እንደ ጎርፍ መጣ። አሥር ቀን ፈሰሰ። ወንበር ላይ ከተቀመጥኩበት ለመነሳት እፈራ ነበር።

ከዚያ ሙቀቱ ተከተለ። ያልደረሰበት ሰው አይገባውም። ከደረት ይነሳና አንገትን አልፎ ጆሮ ድረስ ይወጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ እሳት፣ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ብርድ። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እኔ በደረሰኝ ፊቴን አራግባለሁ። በክረምት! የጅማ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበው «መስኮት ክፈቱልኝ» እላለሁ። ሌሊት ጋቢውን ወርውሬ፣ ብርድ ሲለኝ መልሼ ለብሼ፣ እንደገና ወርውሬ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ቁልጭ ይላል። የሰፈሩን አውራ ዶሮዎች በድምፅ መለየት ጀምሬ ነበር። ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ይላል። ባለቤቴ ሻይ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያስለቅሰኝ ነበር። 22 ዓመት የጠጣበት ድምፅ ነው እኮ።

ሰው ሁሉ መድኃኒት አለው። «ምች ነው» ተባልኩ፤ ዳማ ከሴ ጠጣሁ፣ ታሸሁም። «ብርድ ነው» ተባልኩ። እናቴ ፀበል ወሰደችኝ፣ እሙ ጎረቤቴ ደግሞ ዱዓ አደረገችልኝ። ሁለቱንም አመሰግናለሁ፤ ከልባቸው ነው።

የሕክምናው ግን ያናድዳል። ስሙን ማንሳት የማልፈልገው አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ደም ተወሰደ፣ ሦስቱንም ጊዜ «እናት፣ ታይፎይድ አለሽ» ተባልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ አንቲባዮቲክ ዋጥኩ። ወባ ታየ፣ የለም። ቲቢም ታየ፣ የለም። በቲቢው አልቀየምም፤ ሌሊት የሚያልበው ሰው ቲቢ መታየት አለበት። በመጨረሻ የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፉልኝና ሸኙኝ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ስለ ወር አበባዬ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። ምን ያገናኘዋል ብዬ።

ደግሞ «እናት» የሚለው ነገር። የዕድሜ እኩያዬ የሚሆን ሰው እናት ሲለኝ ሙቀቱ ይብስብኛል።

ያንበረከከኝ ኅዳር ላይ የሆነው ነው። ጅማ በቡና ወቅት ባንክ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ነጋዴው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ይሰለፋል፤ ወረፋው ደጅ ይደርሳል። አመሻሽ ላይ ሂሳብ ስዘጋ 4,000 ብር ጎደለ። ቆጠርኩ፣ አስቆጠርኩ፣ ጎደለ። በ19 ዓመት ሥራዬ ጎድሎብኝ ያውቃል፤ 50 ብር፣ 100 ብር። እንዲህ ግን የለም። ከኪሴ ከፈልኩ። በሁለተኛው ሳምንት 1,500 ደገመኝ። ሥራ አስኪያጄ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ትንሽ እረፍት ይውሰዱ» አለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አእምሮዬ እየሄደ መስሎኝ ነበር።

እዚያው እያለቀስኩ ያገኘችኝ ባልደረባዬ ናት ወደዚህች ሐኪም የላከችኝ። «የማህፀን ሐኪም ናት፤ ዝም ብለሽ ሂጂ» አለችኝ። ማህፀኔን አላመመኝም አልኳት። «ሂጂ አልኩሽ» አለች። ለሷም ምስጋና አለኝ።

ጥር ላይ ሄድኩ። ዶክተሯ በዕድሜ ታናሼ ናት፤ እዚህ ላይ አንቱ ብዬ ብጽፍ ራሷም ትስቅብኛለች። እሷ ግን እኔን እርስዎ ነው የምትለኝ። ላቡን፣ እንቅልፉን፣ ታይፎይዱን ዘርዝሬ ሳልጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «የወር አበባዎ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከዚያ በፊትስ?» አለችኝ። ይሄኔ ቀን መቁጠሪያ አወጣችና ከሚያዝያ ጀምሮ አብረን ወደ ኋላ ቆጠርን። ስንጨርስ ወረቀቱን ወደኔ አዞረችው። የቀረባቸው ወራትና ላቡ የበረታባቸው ወራት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔ ባንክ ቤት ቁጥር ሳመሳክር የኖርኩ ሴት የራሴን አላየሁትም።

ፔሪሜኖፖዝ ይባላል አለችኝ፤ የማረጥ መዳረሻ ማለት ነው። እኔ ማረጥ የሚባለው አንድ ቀን የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። ብዙዎቻችን እዚያ የምንደርሰው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው የሚያተራምሱት። «መብራት ጭራሽ ከመጥፋቱ በፊት እንዴት እንደሚዋዥቅ አይተዋል አይደል?» አለችኝ። «ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞንዎ እንደዚያ ነው። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። እንቁላል በማይወጣበት ወር ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ያንሳል፤ ስለዚህ ደሙ ይቀራል፣ ሲመጣ ይበዛል።» የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም በዚሁ ይረበሻል፤ ትንሽ ሙቀት ሲሰማው የተቃጠለ ያህል ላብ ያዛል። የጅማን መብራት ለሚያውቅ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የሆርሞን የደም ምርመራ አዘዢልኝ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነችና ምልክቱ ላላት ሴት አያስፈልግም፤ ዛሬ አንድ ቁጥር፣ ነገ ሌላ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ገንዘብዎን አያባክኑ አለችኝ። ገንዘቤን የሚቆጥብልኝ ሐኪም ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። በምትኩ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ዕጢ) ምርመራ አዘዘች፤ ታይሮይድም ሲታወክ ላብና ፈጣን የልብ ምት ያመጣል። ደም ማነሴንም አየች። አንሶኛል፤ ያ ሁሉ ሲፈስ ከየት ይመጣል? የአይረን ኪኒን ጀመርኩ። አልትራሳውንድ አነሳችኝ፣ ጡቴን መረመረች። በኔ ዕድሜ ደም እንዲህ ሲበዛ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሳይታይ ሆርሞን አይጀመርም ብላ ናሙናም ወሰደች። እሱ ያማል፤ አልዋሻችሁም፣ ግን አጭር ነው። ውጤቱ እስኪመጣ የነበረውን ጊዜ አላወራም። ንጹህ ሆኖ መጣ።

የማዝልዎት መድኃኒት ሆርሞን ነው ስትለኝ «ካንሰር ያመጣል ይባላል» አልኳት። ብዙ ሐኪም እዚህ ላይ ይቆጣል። እሷ ወንበሯን ሳበች። ወሬው የመጣው በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በመሃል ከተቋረጠ ትልቅ ጥናት ነው አለችኝ። ሁለቱን ሆርሞን አንድ ላይ የወሰዱት ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ጨምሯል፤ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ያህል ነው ጭማሪው። ደም መርጋትና ስትሮክም ጨምሯል፤ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ቀንሷል። ግን ሴቶቹ በአማካይ 63 ዓመታቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ቆይተዋል። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ የሚያስቸግራት ምልክት ላላት፣ ሌላ ችግር ለሌለባት ሴት ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ያመዝናል። «ሥጋት የለውም አልልዎትም» አለችኝ። ያመንኳት እዚህ ላይ ነው።

የጡት ካንሰር የያዛት፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታት፣ የጉበት ሕመም ያለባት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ይህን መድኃኒት አትጀምርም። ለነሱ ሆርሞን ያልሆነ ሌላ መድኃኒት አለ ብላኛለች።

ለኔ የታዘዘው ኢስትሮጅን 1 ሚሊ ግራም በየቀኑ፣ ፕሮጄስትሮን 200 ሚሊ ግራም ደግሞ በወሩ ለ12 ቀን፣ ማታ ማታ ነው። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም፤ የማህፀን ግድግዳን ያወፍርና ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ ፕሮጄስትሮኑ ለዚያ ነው። መጠኑን የጻፍኩት እንድትገዙ አይደለም! የኔ ነው። እሷ የመረጠችው ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ነበር፤ ደም የማርጋት ሥጋቱ ከሚዋጠው ያነሰ ነው። ዞረን ዞረን አጣን። የፕሮጄስትሮኑን ካፕሱልም ያገኘልኝ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ አዲስ አበባ ደዋውሎ በአውቶቡስ አስመጣልኝ። 350 ኪሎ ሜትር የመጣ ካፕሱል ነው፤ ተራው በሆነ ማታ ሳልውጠው አላድርም። ለሱም እግዚአብሔር ይስጠው።

በሁለተኛው ሳምንት ጡቴ አበጠ፣ አመመኝም። ደወልኩ፤ ነርሷ ራሷ አንስታ «ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ካላለፈ ይምጡ» አለችኝ። አለፈ። በአንድ ወር ውስጥ ሙቀቱ በቀን ከአሥር ጊዜ ወደ ሁለት ጊዜ ወረደ። ካፕሱሉን የምወስድባቸው ሌሊቶች እንደ ሕፃን ነው የምተኛው፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ ለዚህ ነው ማታ የሚወሰደው። ግንቦት ላይ ለሦስት ወር ቀጠሮዬ ስሄድ ደሙም ልክ ይዞ ነበር። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይይዘኛል፣ ስም አሁንም ይጠፋኛል። ሂሳቤ ግን ከመጋቢት ወዲህ አልጎደለም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጣልተናል። ቡና ይቀንሱ አለችኝ፤ ሙቀቱን ይቀሰቅሰዋል፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ። ጅማ ተቀምጦ! አቦል ላይ ተነሳሁ ስል ጎረቤቶቼ የተቀየምኳቸው መሰላቸው። አሁን ቶናውንና በረካውን ሲኒ ይዤ ብቻ እቀመጣለሁ። ሳልጠጣ።

ባለቤቴን ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አስገባችው። እሱ በር ላይ መቅረት ነበር ያማረው። ለሱም ስለ መብራቱ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ጋቢዬን ስወረውር ያነሳና እግሩ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ብርድ ሲለኝ እንዲቀርብ። አንድ የሳቀበት ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ መድኃኒት እርግዝና አይከላከልም፣ እስካላረጡ ድረስ ደግሞ ሊያረግዙ ይችላሉ ስትል። እኔ አልሳቅኩም።

ዋጋውን ለምትጠይቁኝ፤ መድኃኒቱ ርካሽ አይደለም፣ ከደሞዜ የሚሰማኝ ነው። የምርመራ ክፍያዋ ግን ከሌሎቹ የተለየ አይደለም፤ ያለ ምክንያትም አትቀጥርም። ስሟን እዚህ እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የወር አበባችሁ የመጣባቸውን ቀኖች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ትገኛለች። ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋው ደረጃው ላይ ነው።