ማሞዝ ዋሻ፣ ኬንታኪ፦ መውጫው ላይ ያለው ምንጣፍ ይሠራል ወይ?

ስለ ዋሻው ውበት ብዙ ተብሏል። እዚህ የምናየው ጉብኝቱ ሲያልቅ ሁሉም ሰው እንዲረግጠው የሚደረገውን ምንጣፍ ነው። ብዙዎች ተራ የጭቃ ማራገፊያ እየመሰላቸው በጣታቸው ቆመው ያልፉታል።

ምንጣፉ የተዘረጋው «ነጭ አፍንጫ» በሚባለው የሌሊት ወፍ በሽታ ምክንያት ነው። አምጪው ብርድ ወዳድ ፈንገስ ሲሆን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለማያድግ ሰውን አይዝም። የዋሻው ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ነው፤ ለፈንገሱ ከዚህ የሚመች የለም። የሌሊት ወፎቹ የብርዱን ወራት ሲተኙ ገላቸውም እንደ ዋሻው ይቀዘቅዛል፤ ያኔ አፍንጫቸውና ክንፋቸው ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። የታመመችው ቶሎ ቶሎ እየባነነች ያጠራቀመችውን ስብ ትጨርሳለች፤ ውጭ ደግሞ የሚበላ ነፍሳት የለም። ተጠጋግተው ስለሚተኙ አንዷ ለሌላዋ ታስተላልፋለች። የፈንገሱ ዘር ወፎቹ ባይኖሩም አፈሩ ላይ ለዓመታት ይቆያል።

በሽታው በሰሜን አሜሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ ማሞዝ ላይ በ2013 ተረጋገጠ። ስለዚህ ምንጣፉ የዚህን ዋሻ ወፎች ለማዳን አይደለም። መግቢያው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ የተዘረጋው ዘሩ በጫማ ተሳፍሮ ሌላ ዋሻ እንዳይገባ ነው።

አሠራሩ በደንብ ታስቦበታል። መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ሣር ጭቃውን ይፍቃል፣ ቀጥሎ ፈሳሽ የያዘው ምንጣፍ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ማጽጃው ጭቃው ላይ ያልቃል፤ ሶሉ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ዘር አይነካም። እግርን እየጎተቱ፣ ተረከዝንም እያሹ መሄድ ነው።

ጉድለቱ ከሶል አለማለፉ ነው። የጫማ ማሰሪያ፣ የሱሪ ጫፍ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ቦርሳ እንዳለ ይወጣል። እነዚህን ጭቃቸውን በብሩሽ አራግፎ 55 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነክሮ 20 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። የቤት ቧንቧ ሙቅ ውኃ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፣ ቢደርስም ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በቴርሞሜትር እየለኩ ሙቅ መጨመር ነው። የቆዳ ጫማ ግን ይበላሻል፤ ማጣበቂያውም ሊለቅ ይችላል።

ሌላ ዋሻ የተገባበትን ጫማ፣ ልብስና ዕቃ ይዞ መምጣት አይፈቀድም። ሶፍ ዑመር የረገጠ ጫማም ያው ነው፤ ሌላ ያድርጉ።

ከ5 ኮከብ 4። አንዱ የቀነሰው ለቦርሳና ለልብስ ምንም ስላልተዘጋጀ ነው።