ፎርስ ጌጅ ለማህፀን ናሙና፦ ከክረምት እስከ ሁዳዴ ተጠቅሜበት ያየሁት

እቃው የእጅ ዲጂታል ፎርስ ጌጅ ነው፣ የመሳብና የመግፋት ኃይል በኒውተን የሚለካ፣ የኔው 100 ኒውተን የሚችለው ነው። የቻይና ነው፣ ብራንዱን አልጠራም። በእጅ ከሚዞር ስታንድ ጋር ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ሁለት ደህና ሙክት የሚያወጡትን ያህል ወጥቶበታል። የገዛሁት ክረምት ላይ ነው አሁን ሁዳዴ ገብቷል፣ ስለዚ ተዋውቀናል ማለት ይቻላል። ስራዬ አዳቃይ ባለሙያዎችን፣ ማለትም ለላምና ለበግ ዘር በመሳሪያ የሚያስገቡትን፣ ማሰልጠን ነው፣ መሳሪያውን የፈለኩት ከቄራ የሚመጣ የላምና የበግ ማህፀን፣ በተለይ የማህፀን በር፣ ሲሳብ ሲገፋ ምን እንደሚሆንና የት ላይ እንደሚቀደድ በቁጥር ለማሳየት ነው። ባጭሩ መለኪያው ጎበዝ ነው፣ አብሮት የሚመጣው መያዣ ግን የማይረባ ነው።

መጀመሪያ ስለ አቅሙ። ብዙ ሰው 500 ኒውተኑን ይገዛል፣ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብሎ። ለዚህ ስራ አይሻልም። ስህተቱ የሚጻፈው ከጠቅላላ አቅሙ በመቶኛ ነው፣ የኔ ላይ ግማሽ ፐርሰንት ይላል፣ ይሄ ማለት ግማሽ ኒውተን፣ 500ው ላይ ያው ግማሽ ፐርሰንት 2.5 ኒውተን ይሆናል። ታዲያ ቀጭን የበግ ማህፀን ቁራጭ ስባችሁ 5 ኒውተን ላይ ስታነቡ 2.5 ወዲህ ወይ ወዲያ ከሆነ ምን አነበባችሁ? ልኩን ለማረጋገጥ የሚዛን ድንጋይ ማንጠልጠል ነው፣ 5 ኪሎ 49 ኒውተን አካባቢ ማለት አለበት። እዚህ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነና ለምድር ወገብም ስለምንቀርብ ስበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ወደ 48.9 ይሆናል፣ ግን ልዩነቱ ከመሳሪያው ስህተት ስለሚያንስ አትጨነቁበት። የሚያስጨንቀው ቅዝቃዜው ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ውርጭ ባደረ ጠዋት ዜሮ ካደረጋችሁት በኋላ ቁጥሩ ብቻውን ሲንሸራተት ታዩታላችሁ። አብርታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና እንደገና ዜሮ አድርጉት፣ ይስተካከላል።

አሁን መያዣው። ለፕላስቲክና ለሽቦ የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ሹል ነው፣ እርጥብ ስጋ ሲገባበት ከሁለት አንዱን ያደርጋል፣ ካላላችሁት ይሾልካል ካጠበቃችሁት እዛው ጥርሱ ስር ይቆርጠዋል። ቁራጩ መሀሉ ላይ ካልተቀደደ ደግሞ የመጣው ቁጥር የመያዣው እንጂ የማህፀኑ አይደለም። እኔ ብረታ ብረት ቤት ወስጄ ጠፍጣፋ ከንፈር ያለው አሰራሁና ውስጡን ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩበት፣ አሁን አብዛኛው መሀሉ ላይ ነው የሚቀደደው። ወረቀቱን እርጥበት ስለሚበላው ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው፣ ያው ርካሽ ነው።

ለማህፀን በር ግን ጭራሽ መያዣ አያስፈልግም። ቱቦ አይደል፣ በቀለበት ቆርጣችሁ በቀዳዳው ሁለት ለስላሳ ዘንግ አስገቡ፣ አንዱን ከስታንዱ ሌላውን ከጌጁ መንጠቆ ጋር እና ማዞር ነው። ስሌቱ ላይ ግድግዳው ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠር ብቻ አትርሱ። ለምሳሌ ቀለበቱ 5 ሚሊ ስፋትና 4 ሚሊ ውፍረት ካለው ሁለቱ ግድግዳ 40 ካሬ ሚሊ ይሆናል፣ ጌጁ 12 ኒውተን ካለ 12ን ለ40 ስታካፍሉ 0.3 ሜጋፓስካል ነው፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ላይ 0.3 ኒውተን። በካሊፐር ስትለኩ ጫን አትበሉ፣ ለስላሳ ስለሆነ ጭምቅ ብሎ ቀጥኖ ይለካላችኋል፣ ስሌቱ ላይ ደግሞ ያለ ልኩ ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። የሳባችሁበትን አቅጣጫም ጻፉ፣ ዙሪያውንና ቁመቱን መሳብ አንድ አይደለም፣ ኮላጅኑ፣ ማለትም አካሉን አጥብቆ የሚይዘው ክር መሳይ ፕሮቲን፣ በተደረደረበት አቅጣጫ ይለያያል።

ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ካረጀች በግ የመጣ ቀለበት አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ መጀመሪያ ምንም የለም፣ 0.4፣ 0.6፣ ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ 1.1፣ ሰልጣኞቹ ይሄ ነገር አይሰራም እንዴ ማለት ሲጀምሩ በዛችው በቀጣዩ ዙር 3 ይልና 6 ይልና 9 ይገባል። ኮላጅኑ ሲያርፍ ጥቅልል ያለ ነው፣ ልክ መንዝ ውስጥ ለበርኖስ እንደሚፈተለው የበግ ጸጉር፣ መጀመሪያ ጥቅልሉ ነው የሚፈታው እሱ ደግሞ ጉልበት አይጠይቅም፣ ከዛ በኋላ ነው ክሩ ራሱ የሚሳበው። አሁን እጃችሁን ከማዞሪያው አንሱ። ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ይወርዳል፣ 8.3፣ 7.8፣ 7.5፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ኋላ ላይ ቀስ እያለ። ሁሌ አንዱ ባትሪው ደከመ ይላል። ባትሪው አልደከመም፣ ህብረ ህዋሱ ነው የላላው፣ እንደ ጠጣርም እንደ ፈሳሽም የሚሆን ነገር ነው። ምጥ የጠናባት ላም ላይ ሽማግሌዎቹ ቀስ በሉ፣ ፋታ ስጧት፣ እሷ ስታምጥ ብቻ ሳቡ የሚሉት እኮ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ጊዜ ከሰጣችሁት በትንሽ ጉልበት ይለጠጣል፣ በአንዴ ብትመነጭቁት ይቀደዳል። እና ጌጁን ፒክ ሞድ ላይ አታስቀምጡት፣ ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ይቆማል፣ ይሄን መውረድ ሙሉ በሙሉ ይደብቃችኋል። ቀጥታ ንባብ ላይ አድርጋችሁ ስክሪኑን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። አብሮት የመጣው የኮምፒውተር ሶፍትዌር እኔ ጋ አንዴ ይገናኛል አንዴ አይገናኝም፣ ትቼዋለሁ።

በመግፋት በኩል የማዳቀያውን ጋን፣ ዘሩ የሚገባበትን ረጅም ቀጭን ዘንግ ማለቴ ነው፣ ጌጁ ጫፍ ላይ አስሬ በላም የማህፀን በር ውስጥ አሳልፋለሁ። የላም በር ውስጡ ብዙውን ጊዜ ሶስት ወይም አራት ቀለበት መሳይ እጥፋት አለው፣ ልምድ ያለው አዳቃይ እጁን በፊንጢጣ አስገብቶ በሩን ይይዝና ጋኑ ላይ ያለብሰዋል እንጂ ጋኑን አይገፋም፣ ጀማሪው ነው የሚገፋው። አትግፋ ብዬ ስጮህ ከምውል ቁጥሩን እንዲያይ ማድረግ ይሻላል። በግ ላይ ደግሞ እጅ አይገባም፣ ቀለበቶቹ ከአራት እስከ ሰባት ይሆናሉ፣ ሁለተኛውና ሶስተኛው ብዙ ጊዜ ከመስመር ወጣ ያሉ ናቸው፣ ቁጥሩ ሽቅብ ሲሄድ በሩ እየተከፈተ መስሏችሁ ግድግዳ እየወጋችሁ ነው። የመንዝ በግ ማዳቀል እንደ ላም የማይቀለው ለምን እንደሆነ ከስንት ስላይድ ይሄ አንድ ሙከራ ይበልጣል።

የማያሳየውም አለ። ድራት ላይ ያለች ላም ማህፀኗ ወጠር ብሎ እጅ ላይ ይታወቃል፣ ይሄ ውጥረት የጡንቻ ስለሆነ ከቄራ ሲመጣ የለም፣ ጌጁ ላይ የሚቀረው በዋናነት ኮላጅኑ ነው። ቢሆንም ኦቫሪዋን አይታችሁ ዑደቱ የት እንደነበር መዝግቡ፣ ያረገዘችውን ከባዶዋ ጋር ደግሞ አታቀላቅሉ። እርግዝና ሲገፋ አካሉ ስለሚላላ ቁጥሩ ይለያያል።

ናሙና ማግኘቱ ነው ሌላው ጣጣ። ሰው በዓል ሲደርስ ቄራ ሞልቷል አይደል ይለኛል፣ ለበዓል የሚታረደው ሙክት ነው ወገን፣ ሙክት ማህፀን የለውም! ያረጁ ሴት በጎችና ላሞች የሚገኙት በአዘቦቱ ቀን ነው፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እሱም ይደርቃል፣ አሁን መሳሪያው ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል፣ ይሄንንም ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት ለዛ ነው። ስታመጡ 0.9 ፐርሰንት ጨው ውሃ ውስጥ ይሁን፣ እዚህ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ከቆየ ይደርቅና ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ጓንት ግዴታ ነው፣ የሚያስወርደው በሽታ ብሩሴሎሲስ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ የማህፀን ነገር በባዶ እጅ አይነካም። ጨው ውሃው መንጠቆውን ግን ጨርሶታል፣ ኒኬሉ ተልጦ ዝጓል፣ ስትጨርሱ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ዘይት ቀባ አድርጉት። ባትሪው እስካሁን ቅር አላሰኘኝም።

ለማስተማሪያ ከሆነ ግዙት፣ ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ፣ መያዣውን እንደምታሰሩ ቆጥራችሁ። ለመመረቂያ ጽሁፍ ከሆነ ግን በሞተር የሚሄድ ስታንድ ያለው ቦታ ፈልጉ። ይሄ ነገር በፍጥነት ሲሳብ ጠንከር ይላል፣ በዝግታ ሲሳብ ይለዝባል፣ እኔ ስልኬ ላይ ሜትሮኖም፣ እኩል ምት የሚመታውን፣ ከፍቼ በምቱ አዞራለሁ፣ ለክፍል ይበቃል፣ ፈታኙ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ስንት ሚሊ ነበር ካላችሁ ሜትሮኖም ብላችሁ አትወጡትም።