ሁለት ዲስክ አለው ስለተባላችሁ ብቻ ሰርቨር እንዳትገዙ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ያላችሁ፣ ያገለገለ ሰርቨር (ፋይል የሚጠራቀምበት ትልቅ ኮምፒውተር) ለመግዛት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አምና ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ያገለገለ ሰርቨር በ48 ሺህ ብር ገዛሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ባለ 2 ቴራባይት ሁለት ዲስክ አለው፤ ዲስኮቹን አጣምሮ የሚያሠራው ሬይድ ካርድም አለው። «አንዱ ዲስክ ቢሞት ሁሉም ነገር ሌላው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፣ አብሽር» አለኝ። አመንኩት። መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ሐረጎን የወጣሁት።

ቤት ስከፍተው ዊንዶውስ 3.63 ቴራባይት አሳየኝ። ቦታው ሰፊ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። ዲስኮቹ እውነት አንዱ የሌላው ግልባጭ ቢሆኑ ኖሮ የሚታየው የአንዱ ብቻ ነበር፤ 1.81 ገደማ። የሁለቱ ድምር ከታያችሁ መጠባበቂያ የሚባል ነገር የለም።

የእኔው የተዋቀረው በሬይድ 0 ነው። ሬይድ 0 ፋይሉን በትንንሹ ይቆራርጥና አንዱን ቁራጭ ለዚህኛው ዲስክ፣ ቀጣዩን ለዚያኛው ያድላል። ፍጥነት አለው። ግን አንዱ ዲስክ ሲሞት የሌላው ቁርጥራጭ ብቻውን ምንም አይሆንም። ሻጩ የነገረኝ አንዱን ዲስክ የሌላው ግልባጭ የሚያደርገውን፣ ሬይድ 1 የሚባለውን ነው። ካርዱ ያው ነው፣ ዲስኮቹም ያው ናቸው፤ ልዩነቱ ሴቲንጉ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ሰርቨሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ። ከሰዓት አልተነሳም። የ14 ሰርግ ቪዲዮ ነበረበት። በሳምንቱ አንዲት እናት የልጃቸውን ሰርግ ሊወስዱ መጡ። ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል። ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «የአባቷ ምርቃት አለበት እኮ ልጄ፣ እሱን ብቻ ስጠኝ» አሉኝ። አባትየው ከሰርጉ በኋላ አርፈዋል። እስካሁን ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ።

ባለሙያ ካርዱን ሲፈትሽ ሌላ ጉድ አገኘ። የካርዱ ባትሪ አብጦ ሞቷል። እንደዚያም ሆኖ «ራይት ባክ» የሚለው ሴቲንግ በግድ በርቷል። ይህ ሴቲንግ ዳታው ዲስክ ላይ ሳይደርስ ካርዱ ሜሞሪ ላይ ይዞት «ተጽፏል» ይላችኋል። መብራት ቢሄድ ሜሞሪውን የሚያቆየው ያ ባትሪ ነው። ባትሪው ከሞተ ገና ዲስክ ላይ ያልደረሰው ዳታ ይጠፋል። መብራት ደግሞ እኛ ጋ እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ባትሪ ከሌለ ዳታው ዲስክ ላይ ሲደርስ ብቻ «ተጽፏል» የሚለው «ራይት ስሩ» ላይ ይሁን፤ ቢዘገይም ይሻላል።

ስለዚህ ሻጩ ፊት አስነሱት። በብዙዎቹ የቆዩ የዴል ሰርቨሮች ሲነሳ ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልና አርን (Ctrl+R) አንድ ላይ ስትጫኑ የካርዱ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ሬይድ 0 ይሁን ሬይድ 1 በዓይናችሁ እዩ፤ የባትሪውንም ሁኔታ እዩ። ዲስኩ ሰርቨሩ ሳይጠፋ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ፣ ገና ባዶ እያለ አንዱን አስነቅሉ። ሬይድ 1 ከሆነ ሥራውን ይቀጥላል። ዲስኩን ስትመልሱት እንደገና ሲገለብጥ ሰዓታት ይወስዳል፣ ታገሡት። ይህን አላደርግም የሚል ሻጭ ካለ ትታችሁ ውጡ። ደረሰኙ ላይም «ሬይድ 1» ብሎ ይጻፍላችሁ። እኔ የተጻፈ ነገር ስላልነበረኝ ስመለስ «ሁለት ዲስክ ነው ያልኩህ» ብሎ ሸኘኝ።

አሁን ሬይድ 0 ላይ እየሠራችሁ ከሆነ ደግሞ በድንጋጤ ሴቲንጉን አትነካኩ። «ኢኒሻላይዝ» የሚለውን ከተጫናችሁ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ሁሉንም ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጡና ቤታችሁ አስቀምጡት። ሬይድ 1 ቢኖራችሁም ይህ አይቅር፤ በስህተት ያጠፋችሁት ፋይል ከሁለቱም ዲስክ ነው የሚጠፋው።

አምና ጥርና ሚያዝያ እኔ ዘንድ ሰርጋችሁን ያስቀረጻችሁ፣ ዘመድ ጓደኛ በስልክ የቀረጸው ካለ አምጡልኝ። አሰባስቤ፣ አስተካክዬ፣ ያለ ክፍያ እሠራላችኋለሁ። የእኚያን እናት ልጅ ሰርግ በስልኩ የቀረጸ ሰው እስካሁን እየፈለግሁ ነው።